ውል የተፈረመበትን መጽሐፍ ከሳምንታዊ ጽሑፍ ጋር አጣጥሞ ለመጻፍ፦ የአሠራር መመሪያ ከጅማ

አሳታሚ የመጽሐፍዎን ሐሳብ ተቀብሎ ውል ተፈራርመዋል፤ ምናልባትም ቅድሚያ ክፍያ ወስደዋል። በሌላ በኩል በየሳምንቱ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ጽሑፍዎን የሚጠብቁ አንባቢዎች አሉ። ብዙዎች ኒውስሌተር የሚሉት ይህ ጽሑፍ ስምዎን ያስተዋወቀ ነው፤ አሳታሚውም እርስዎን ያወቀው በእሱ በኩል ሊሆን ይችላል። አንዱን ለሌላው መተው አይፈልጉም፤ መተውም የለብዎትም።

ችግሩ የጊዜ ማነስ ብቻ አይደለም። ሳምንታዊው ጽሑፍ ቀን ቆርጦ የሚመጣ ሥራ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ቢዘገይ አንባቢው «ምነው ጠፉ?» ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፉን ግን የውሉ ቀን እስኪደርስ ድረስ ማንም አይጠይቅም። ጠያቂ ያለው ሥራ ጠያቂ የሌለውን ሁልጊዜ ይቀድመዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ወደ ሁለት ነገሮች ያመራሉ፤ መጽሐፉን በየሳምንቱ ጠያቂ ያለው ሥራ ማድረግ፣ ሳምንታዊውን ጽሑፍ ደግሞ መጽሐፉ ከመጀመሩ በፊት መቀነስ። «በፊት» የሚለው ላይ አጥብቄ እቆማለሁ። ሁለቱን በሙሉ ጉልበት ጀምሮ ሲያቅት መቀነስ አንባቢንም አሳታሚንም ያስከፋል።

ምሳሌዎቹን የወሰድኩት ከጅማና ከቡና ነው፤ የማውቀው ይህንን ስለሆነ። ርእስዎ ጤና፣ ሕግ ወይም የልጆች አስተዳደግ ቢሆንም አሠራሩ አይለወጥም።

1. ውሉን እንደገና ያንብቡ

ውሉን ሲፈርሙ ያነበቡት ስለ ገንዘቡ እያሰቡ ነው። አሁን ስለ ሳምንታዊ ጽሑፍዎ እያሰቡ ያንብቡት። መጀመሪያ የርክክቡን ቀን ይፈልጉ፤ ዓመቱና ወሩ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈም ያረጋግጡ። አዲስ አበባ ያለው አሳታሚ ከውጭ አገር የተቀዳ የውል ቅጽ ይዞ «በ6ኛው ወር መጨረሻ» ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ሰኔ ማለቱ ይሁን የካቲት በጽሑፍ ይግለጽልዎ። ቀጥሎ የመጽሐፉን መጠን ይመልከቱ፤ በገጽ ነው የተባለው ወይስ በቃል ብዛት? በገጽ ከሆነ የፊደሉ መጠንና የገጹ ስፋት ካልተነገረ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ክፍያው በየምዕራፉ ርክክብ የሚፈጸም ከሆነም የእነዚያን ቀናት ለብቻ ያውጡ፤ በኋላ ለዕቅድዎ ይጠቅሙዎታል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ቀድሞ የታተመን ጽሑፍ የሚመለከተው አንቀጽ ነው። ብዙ ውሎች ደራሲው ያስረከበው ሥራ «ከዚህ በፊት በየትኛውም መንገድ ያልወጣ» እንዲሆን ይጠይቃሉ። እርስዎ ደግሞ ለዓመታት በየሳምንቱ ሲያወጡ የኖሩት ጽሑፍ ለመጽሐፉ መሠረት ሊሆን ይችላል። ይህንን ለአሳታሚው አሁኑኑ ይንገሩ። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሎ፣ ሥራው በጽሑፍ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ የደራሲውን መብት ይጠብቃል፤ የኢኮኖሚ መብትን ለሌላ ማስተላለፍ ደግሞ በጽሑፍ መሆን አለበት። ስለዚህ በስልክ የተባለ «ችግር የለውም» አይበቃም። በውሉ ላይ እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲታከል ይጠይቁ፦

«ደራሲው መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት በሚያዘጋጀው ሳምንታዊ ጽሑፍ በተመሳሳይ ርእስ ላይ መጻፉን መቀጠል ይችላል፤ ከመጽሐፉ ረቂቅ በቀጥታ የሚወሰድ ቅንጫቢ ግን በአሳታሚው የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ይወጣል።»

አብዛኛው አሳታሚ በዚህ አይከራከርም። አንባቢ ያለው ደራሲ መጽሐፉን ለማስተዋወቅ እንደሚጠቅመው ያውቃል።

2. ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ የጅማን ዓመት ይቁጠሩ

ዕቅድ ስናወጣ ሁላችንም የምንሠራው ባዶ በሆነ ዓመት ላይ ነው። የጅማ ዓመት ግን ባዶ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው፤ ቤተሰብዎ በማና፣ በጎማ ወይም በሊሙ የቡና ማሳ ካለው እርስዎም አይቀርልዎትም። ማሳ ባይኖርዎት እንኳ ስለ ጉዳዩ የሚያናግሩት ገበሬ፣ የማኅበር ሰብሳቢ ወይም ነጋዴ በእነዚያ ወራት ስልክ የሚያነሳበት ጊዜ የለውም። ጥር ጥምቀትና ሠርግ አለበት። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ ዘንድሮ የት እንደሚውል ይመልከቱ፤ ዒድና ዐረፋ፣ መስቀል፣ ገናና ፋሲካም በቀን መቁጠሪያው ላይ ይስፈሩ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ይቁጠሩ።

አንድ ምሳሌ ላስላ። የመጽሐፉ መጠን 50,000 ቃል፣ የርክክቡ ቀን ጳጉሜን 5፣ የሚጀምሩት መስከረም ላይ ነው እንበል። ሐምሌና ነሐሴን ለእርማት ያስቀምጡ፤ በዚህ አይደራደሩ። ኅዳርና ታኅሣሥን ለለቀማው ይተዉ። ለመጻፍ 8 ወር ቀረዎት። እያንዳንዱን ወር እንደ 4 ሳምንት ብንይዘው 32 ሳምንት ነው፤ በሳምንት ወደ 1,560 ቃል፣ በሳምንት አራት ቀን ከጻፉ ደግሞ በቀን 390 ቃል ማለት ነው። በቀን 390 ቃል አያስፈራም። ሊያስፈራ የሚገባው ከ32ቱ ሳምንታት አሥሩ ሳይታወቅ ማለፋቸው ነው።

አሁን ሳምንታዊውን ጽሑፍ በዚሁ ሚዛን ያስቀምጡት። በየሳምንቱ 800 ቃል የሚጽፍ ሰው በ52 ሳምንት 41,600 ቃል ይጽፋል። በሌላ አነጋገር በየዓመቱ አንድ መጽሐፍ የሚያህል ጽሑፍ እያወጡ ነው ማለት ነው! ይህንን ስሌት ብዙ ሰው ሠርቶት አያውቅም። ሳምንታዊው ጽሑፍ እንዳለ ቆይቶ መጽሐፉ ሲጨመርበት፣ በአንድ ዓመት ሁለት መጽሐፍ ለመጻፍ ተስማምተዋል። በየሁለት ሳምንቱ ቢያደርጉት ግን 20,800 ቃል ይሆናል፤ የተረፈው ጉልበት ወደ መጽሐፉ ይሄዳል።

ጳጉሜን በስሌቱ ውስጥ አያስገቡ። አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀናት ለሚያመልጥዎ ነገር ይቀመጡ።

3. ሳምንታዊውን ጽሑፍ ይቀንሱ፤ ለአንባቢም በግልጽ ይንገሩ

ለመቀነስ ሁለት መንገድ አለ፤ ማሳጠር ወይም ማራራቅ። እኔ ማራራቅን እመርጣለሁ። አጭር ጽሑፍ ጥሩ እንዲሆን የሚጠይቀው ጊዜ ከረጅሙ ብዙም አያንስም፤ ርእስ መፈለግ፣ ሰው ማነጋገር፣ ማረም፣ መላክ፣ ለመልስ መልስ መስጠት ሁሉም እንዳለ ነው። ብዛቱ ሲቀንስ ግን ይህ ሁሉ አብሮ ይቀንሳል። የመላኪያ ቀኑን ግን አይቀይሩ። ቅዳሜ ጠዋት ይደርስ የነበረ ጽሑፍ በየሁለት ሳምንቱም ቢሆን ቅዳሜ ጠዋት ይድረስ፤ አንባቢ የሚለምደው ቀኑን ነው።

በቴሌግራም ቻናል የሚልኩ ከሆነ አንድ መልእክት የሚይዘው 4,096 ፊደል ነው። ይህ በአማርኛ እንደ አጻጻፍዎ ከ600 እስከ 700 ቃል ይሆናል። ለመጽሐፉ ዓመት ይህንን እንደ ጣራ ይውሰዱት፤ ከአንድ መልእክት ያለፈ ነገር ሲጽፉ ራስዎን ካገኙ ጽሑፉ ምናልባት የመጽሐፉ ነው።

ለውጡን ሳይናገሩ አይጀምሩ። አንባቢ ጽሑፉ ሲዘገይ ደራሲው ታመመ ወይም ሰለቸ ብሎ ያስባል፤ ሲነገረው ግን ደስታው የእሱም ይሆናል። ማስታወቂያው አጭርና ቀን ያለበት ይሁን፦

«ውድ አንባቢዎቼ፣ ስለ ጅማ ቡና መጽሐፍ ለመጻፍ ከአሳታሚ ጋር ተዋውያለሁ። ከመስከረም 15 ጀምሮ ይህ ጽሑፍ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳችኋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ስለ ለቀማው አጫጭር መረጃዎች ብቻ እልካለሁ። የምትጽፉልኝን ሁሉ አነባለሁ፤ መልስ የምሰጠው ግን በወር አንድ ጊዜ ሰብስቤ ይሆናል። በክፍያ የተመዘገባችሁ የደንበኝነት ጊዜያችሁ በእጥፍ ተራዝሟል፤ ገንዘባችሁ እንዲመለስላችሁ የምትፈልጉ ለዚህ መልእክት መልስ ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ከአንባቢ ገንዘብ ለሚቀበል ሁሉ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። በሳምንት አንድ ተብሎ የተከፈለበትን ነገር በሁለት ሳምንት አንድ አድርጎ ዝም ማለት አግባብ አይደለም። ይመለስልኝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው፤ መጠየቁን ግን ሁሉም ያስታውሰዋል።

4. የትኛው ወሬ የየትኛው እንደሆነ ይለዩ

ከሁሉም እርምጃ ይህ ይከብዳል፤ የሚጠቅመውም ይህ ነው። አንድ ሰው ስለ አንድ ርእስ ሁለት ቦታ ሲጽፍ፣ ያገኘውን ጥሩ ነገር ሁሉ ቀድሞ ወደሚወጣው ይሰጣል። በስድስተኛው ወር መጽሐፉን ሲከፍት ሊጽፈው የነበረው ሁሉ ለቴሌግራም አንባቢ ተልኮ አልቋል።

መለያው እንዲህ ነው። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና) ግን በአግባቡ ከደረቀ ወራት ይቆያል። ዛሬ ካልተነገረ የሚበላሽ ነገር ለሳምንታዊው ጽሑፍ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ቢነበብ የማይበላሽ ለመጽሐፉ።

በአንድ ጉዳይ ላይ ላሳይ። ሰኔ ላይ ገበሬው የቡና ችግኝ የሚተክልበት ጊዜ ነው፤ አንባቢዎች «74110 ልትከል ወይስ 74112?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ቁጥሮቹ የቡና ዝርያዎች መጠሪያ ናቸው። በዚህ ላይ ለሳምንታዊው ጽሑፍ የሚሆነው ችግኙ የት እንደሚገኝ፣ ሲገዙ ምን እንደሚታይ፣ ጉድጓዱ መቼ ተቆፍሮ መቆየት እንዳለበትና ለጥላ ምን እንደሚተከል ነው። ይህንን በነሐሴ ቢጽፉት ለማንም አይጠቅምም። ለመጽሐፉ የሚሆነው ደግሞ የቁጥሩ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ የሚያጠቃው በሽታ በኢትዮጵያ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች በሽታው በበረታበት መሀል ሳይጎዱ የቆሙ ዛፎችን ፍለጋ በደቡብ ምዕራብ ጫካዎችና ማሳዎች ተሰማሩ። በቁጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 ምርጫው የተካሄደበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በመልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ከእነዚያ ዛፎች ዘር ተነሥቶ ለገበሬው የሚሆኑ ዝርያዎችን አወጣ። ዛሬ ጎማ ውስጥ በጓሮው 74110 የተከለ ገበሬ የዚያ ፍለጋ ወራሽ ነው። ይህ ታሪክ ቦታ ይፈልጋል፤ ያኔ የነበሩ ሰዎችን ማነጋገር፣ ሰነድ ማገላበጥ፣ ማሳ ላይ መቆም ይፈልጋል። በ600 ቃል ቢላክ በአንድ ቀን ይነበብና ያልቃል፤ በምዕራፍ ሲጻፍ ግን መጽሐፉን የሚሸከም ነው።

ለዚህ ሁለት የተለያዩ ማስታወሻ ደብተሮች ይያዙ። ሰው ሲያናግሩ የሰሙትን እዚያው ይከፋፍሉ፤ «በኋላ እለየዋለሁ» ያሉት ነገር የሚለየው በችኮላ ነው፣ በችኮላ የሚለይ ሁሉ ደግሞ ወደ ሳምንታዊው ይሄዳል።

ምዕራፎቹን በተከታታይ ለአንባቢዎች መላክስ? ብዙዎች ይመክሩታል። እኔ እቃወማለሁ፣ ውሉ ቢፈቅድ እንኳ። ረቂቅ ምዕራፍ አንባቢ ፊት ወጥቶ ሲመሰገን ደራሲው ሊነካው ይፈራል። በእርማት ጊዜ ሦስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ መምጣት እንዳለበት፣ አምስተኛው መውጣት እንዳለበት ይገባዎታል፤ ሰው ያጨበጨበለትን ምዕራፍ ማውጣት ግን ይከብዳል። ከአንባቢዎች ሊወስዱ የሚገባዎት ጭብጨባ ሳይሆን እውቀት ነው። «አባቶቻችሁ ከመልኮ ዝርያ በፊት ይተክሉት የነበረው ቡና ስሙ ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ ከአጋሮ፣ ከጌራ፣ ከሰቃ ጮቆርሳ መልስ ይመጣል። የሰውን ታሪክ በመጽሐፉ ከመጠቀምዎ በፊት ግን ፈቃዱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በስሙ ይሁን ያለ ስሙ እሱ ይወስን።

5. ንጋቱን ለመጽሐፉ ይስጡ

ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ቀን ማቀላቀል አይመከርም፤ ግድ ከሆነ ግን መጽሐፉ ይቅደም። ሳምንታዊው ጽሑፍ በድካምም ይጻፋል፣ መጽሐፍ ግን በድካም አይጻፍም። በጅማ ለዚህ የሚበጀው ሰዓት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው። ከተማው ሥራ አልጀመረም፣ ባጃጁ አልበዛም፣ ስልክ አይጮህም። በረመዳን የሚጾሙ ከሆነ ከሱሑርና ከፈጅር ሶላት በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉም ጸጥ ያለው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ምንም ዕቅድ አይያዙ።

አንድ ሳምንት እንዲህ ሊመስል ይችላል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ንጋቱ የመጽሐፉ ነው፤ ሐሙስ ማታ የሳምንቱን ቃል ቆጥረው ለአንድ ሰው ይልኩታል። ይህ ሰው አርታኢዎ፣ ወዳጅዎ ወይም የትዳር አጋርዎ ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉን እንዲያነብ አይጠበቅም፣ ቁጥሩን ተቀብሎ ሲጎድል «ምነው?» የሚል ብቻ ነው። መጽሐፉ ጠያቂ የሚያገኘው በዚህ ነው። ሳምንታዊው ጽሑፍ ዓርብ ይጻፋል፤ የጁምዓ ሶላት ያለበት ሰው ከሶላት በፊት ረቂቁን፣ ከሶላት በኋላ እርማቱን ይሠራል። ቅዳሜ ጠዋት ይላካል። በማይልኩበት ሳምንት ዓርብ የመረጃ መሰብሰቢያ ቀን ነው። እሑድ ባዶ ይሁን።

ስልኩን በሌላ ክፍል ያስቀምጡ። ቅዳሜ የላኩትን ሰው እንዴት እንደተቀበለው ሰኞ ጠዋት ማየት የሰኞን ንጋት ይበላዋል።

6. ባዶ ቀን የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ

ከውጭ የሚመጡ የጸሐፊ ምክሮች ሁሉ ሰውዬው ብቻውን እንደሚኖር አድርገው የተጻፉ ናቸው። እኛ ብቻችንን አንኖርም። ለቅሶ ይመጣል፤ ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ሳይደርሱ መቅረትም አይቻልም። ዕድር አለ፣ የታመመ ጎረቤት መጠየቅ አለ፣ ሠርግ አለ። እነዚህን እንደ እንቅፋት የሚያይ ዕቅድ በሦስተኛው ሳምንት ይፈርሳል፤ ደራሲውንም ከሰው ይነጥለዋል። በሳምንት አንድ ቀን ምንም ያልተመደበበት ከሆነ ግን ማክሰኞ ለለቅሶ የሄደው ንጋት እሑድ ይመለሳል። ለቅሶ ከሌለ እሑድ ዕረፍት ነው።

ቡናውም እንዲሁ። በጅማ ሰፈር ውስጥ «ኑ ቡና ጠጡ» ሳይባል የሚያልፍ ጠዋት የለም፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ሲጠጣ አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል። እምቢ ማለት አያምርም፣ አያስፈልግምም። ሰዓት መቁረጥ ግን ይቻላል፦ «እትዬ፣ እስከ ሁለት ሰዓት መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው፤ ከሁለት በኋላ እመጣለሁ፣ ለእኔ በረካውን አቆዩልኝ።» ጎረቤት ምክንያቱን ሲያውቅ ራሱ ይጠብቅልዎታል፤ ልጆች በበርዎ ሲጮኹ «ዝም በሉ፣ እየጻፉ ነው» የሚሉት እነዚሁ እትዬ ይሆናሉ። ለቤተሰብም የርክክቡን ቀን ይንገሩ። መቼ እንደሚያልቅ የሚታወቅ ችግር ይቻላል።

7. ተጠባባቂ ጽሑፎች ያዘጋጁ

መጽሐፉን ከመጀመርዎ በፊት ባሉት ሳምንታት ለመላክ ዝግጁ የሆኑ አራት ጽሑፎች ይጻፉ። ርእሳቸው ጊዜ የማያልፍበት ይሁን፤ ቡና እንዴት እንደሚከማች፣ ጀበና እንዴት እንደሚሟሽ፣ የአንባቢ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው። በታመሙ ጊዜ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ አንድ ምዕራፍ ጥሩ እየሄደ ሊያቋርጡት ባልፈለጉ ጊዜ አንዱን ይልካሉ። አንዱን በተጠቀሙ ቁጥር በሚቀጥለው ወር ይተኩት።

በቴሌግራም የመላኪያውን ምልክት ተጭነው ሲይዙት መልእክቱ በሌላ ቀንና ሰዓት እንዲሄድ ማዘዝ ይቻላል፤ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይቀበላል። ጂሜይልም ተመሳሳይ አሠራር አለው፤ ነገር ግን የግል የጂሜይል አድራሻ በቀን ከ500 በላይ ለሆኑ ተቀባዮች ስለማይልክ፣ አንባቢዎ ከዚያ ከበዛ ለዚህ ሥራ የተሠራ አገልግሎት ይጠቀሙ። ሁለት ጥንቃቄ ላክል። ዋጋና ገበያ ያለበትን ጽሑፍ አስቀድመው ቀጠሮ አይስጡት። ሌላው፣ ቀጠሮ የተሰጠውን ጽሑፍ ሁልጊዜ በዋዜማው ማታ እንደገና ያንብቡ፤ አገር ወይም ከተማ ሐዘን ላይ ባለበት ጠዋት ከወራት በፊት በደስታ የጻፉት ነገር አንባቢ እጅ እንዳይገባ።

8. ፊደሉና ፋይሉ

ይህ አጭር ነው፤ ግን ሳምንታት ያተርፋል። አሳታሚው ጽሑፉን በምን እንደሚፈልግ ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ። አንዳንድ የገጽ ቅንብር ባለሙያዎች ዛሬም በድሮ የኮምፒውተር የግዕዝ ፊደላት (ፎንት) ይሠራሉ፤ በዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደል ሥርዓት፣ የተጻፈ ሲደርሳቸው ይበላሽባቸዋል፣ በድሮው የተጻፈውም በቴሌግራም አይነበብም። በዩኒኮድ ይጻፉና ሦስት ገጽ ለሙከራ ይላኩ።

የቃላት አጻጻፍ ዝርዝር ይኑርዎት። በቴሌግራም አንድ ቀን ኅዳር ሌላ ቀን ህዳር ብለው ቢጽፉ ማንም አይቆጣም፤ በመጽሐፍ ግን ያስነቅፋል። የወረዳና የቀበሌ ስሞች፣ የሰው ስሞች፣ የቡና ቃላት እንዴት እንደሚጻፉ አንድ ጊዜ ወስነው በሁለቱም ሥራ ያንኑ ይከተሉ።

መብራት ሲመጣ ሁሉንም ይሙሉ፤ ኮምፒውተሩን፣ ስልኩን፣ የኃይል ማጠራቀሚያውን። ረቂቁን በየሳምንቱ ሐሙስ ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ፤ በፍላሽም ያስቀምጡ፣ ፍላሹ ግን ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ቦርሳ አይሁን።

9. ወደ ኋላ ሲቀሩ ምን ይቀድማል

መቅረትዎ አይቀርም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ከአሁኑ ይወስኑ። መጀመሪያ ለአንባቢ መልስ መስጠቱን ያቁሙ። ካልበቃ ተጠባባቂ ጽሑፍ ይላኩ። ካልበቃ አንድ ዕትም ይዝለሉ፤ «ይህ ሳምንት የመጽሐፉ ነው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንገናኝ» ብለው ይንገሩ። ይህም ካልበቃ ወደ አሳታሚው ይሂዱ። ለአሳታሚ ቀን ማራዘም የሚጠየቀው ቀኑ ሲደርስ አይደለም፤ ቢያንስ ሁለት ወር ሲቀር፣ በጽሑፍ፣ ያለቁ ምዕራፎች ተያይዘው፣ አዲሱ ቀን ተጠቅሶ ነው። የተጨረሰ ሥራ በእጁ ያለ አሳታሚ ይታገሣል፤ ወሬ ብቻ የሰማ አይታገሥም።

እንቅልፍን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አላስገባሁትም። ሌሊቱን ለሳምንታዊው ጽሑፍ የሰጠ ሰው ንጋቱን ከመጽሐፉ ላይ ነው የወሰደው።

10. ረቂቁን ካስረከቡ በኋላ

በማግሥቱ ወደ ሳምንታዊው ልማድ አይመለሱ። አርታኢው ረቂቁን ሲመልስ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቀን አጭር ነው፤ ከዚያ የገጽ ቅንብሩ፣ ከዚያ የማረሚያው ቅጂ፣ ከዚያ የሽፋኑ ጽሑፍ ይመጣል፣ ሁሉም «እስከ ዓርብ» እየተባለ። በየሁለት ሳምንቱ ይቆዩ። በውሉ በተፈቀደው መሠረት አንድ ወይም ሁለት ቅንጫቢ ለአንባቢዎችዎ የሚልኩበት ጊዜም ይኸው ነው፤ ጽሑፉ ታርሟል፣ ቅደም ተከተሉ ጸንቷል፣ አንባቢውም መጽሐፉን የት እንደሚያገኝ ሊነገረው ይችላል። በየወሩ ሲያነቡ የቆዩትን ደብዳቤ የጻፉልዎትን ሰዎች ስምም ለምስጋናው ገጽ አሁን ይሰብስቡ፤ ፈቃዳቸውን የጠየቁበት መልእክት ስላለዎት ማን በስሙ፣ ማን ያለ ስሙ እንደፈለገ ያውቃሉ።

የማረሚያው ቅጂ በየትኛው ሳምንት እንደሚደርስዎ አሳታሚውን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለዚያ ሳምንትና ለሚከተለው ሁለት ተጠባባቂ ጽሑፎች ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ይቆዩ።